ኳሷ ከተመታች በኋላ የሚያውቁት ጌታዬ

ለአሜሪካ የቤዝቦል ደጋፊ እስካሁን ሐውልት አለመቆሙ ያሳዝነኛል። ለተጫዋቾች ቆሟል። በየስታዲየሙ በር ላይ ዱላ ያነሳ ወይም ኳስ ሊወረውር እግሩን የሰቀለ የነሐስ ሰው አይጠፋም። ከሶፋው ሳይነሳ ቡድን ለሚመራው፣ ደመወዝ ለማይጠይቀው፣ በሕይወቱ አንዴም ተሳስቶ ለማያውቀው ሰው ግን አንድ ድንጋይ እንኳ አላስቀመጡለትም። ግፍ ነው። ቢያንስ እኛ እናመስግነው ብዬ ተነስቻለሁ።

ክቡር ደጋፊ፣ ለእርስዎ አንቱታም ያንሳል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ፤ እስከዚያ እርስዎ ቺፕስዎን ይብሉ። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ሊመታ ይሞክራል። ወርዋሪው ፒቸር ይባላል። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ (ዙር) አለው፤ እኩል ከሆኑ እስኪለይላቸው ይጨምራሉ። ኦክቶበር ሲመጣ የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች ወርልድ ሲሪስ ላይ ይገናኛሉ። ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። (ከዚህ ሁሉ «ወርልድ» የሚሳተፉት አሜሪካኖቹና አንዲት የካናዳ ከተማ ናቸው። የደገሰው ሰው ስም ማውጣት መብቱ ነው።) ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

በዚህ መሀል አሠልጣኙ ላይ የሚወድቅ አንድ ጣጣ አለ። ፒቸሩ ክንዱ እየዛለ ነው። ይውጣ ወይስ ይቆይ? ምስኪኑ አሠልጣኝ መልሱን ኳሷ ከመወርወሯ በፊት መስጠት አለበት። የእርስዎ ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እርስዎ የሚመልሱት ኳሷ አጥሩን ከዘለለች በኋላ ነው። ለዚህም ነው ተሳስተው የማያውቁት።

ኦክቶበር 16 ቀን 2003፣ ኒው ዮርክ። ቦስተን ሬድ ሶክስ ከያንኪስ ጋር ወደ ወርልድ ሲሪስ የሚያሳልፈውን ሰባተኛ ጨዋታ ይጫወታል። ቦስተን ከ1918 ወዲህ ዋንጫ አላየም። አሁን ግን ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ 5 ለ 2 እየመራ ነው። የሚወረውረው ደግሞ ፔድሮ ማርቲኔዝ ነው፤ በዘመኑ እሱን የሚያህል ፒቸር አልነበረም ቢባል የሚጣላ ሰው አይገኝም። አንድ መቺ ከሜዳ አስወጣ። ከዚያ የያንኪሱ ጂተር ኳሱን መታበት። በርኒ ዊሊያምስ መታው። 5 ለ 3። አሠልጣኙ ግሬዲ ሊትል ቀስ እያለ ወደ ሜዳ ገባ። ፔድሮን አነጋገረው። ከዚያ ብቻውን ተመለሰ። ማትሱይ መታው። ፖሳዳ መታው። 5 ለ 5። አሥራ አንደኛው ኢኒንግ ላይ አሮን ቡን ኳሷን አጥር አሻግሮ ላካትና አለቀ። ሊትልም ኮንትራቱ ሳይታደስለት ተሰናበተ።

እርስዎ «አውጣው! አውጣው!» ብለው ነበር። መቼ? ፖሳዳ ከመታው በኋላ። ግን ብለዋል፣ ዋናው እሱ ነው። «መቶ ኳስ አልፎታል፣ ክንዱ አልቋል፣ ይህንን አያቴም ታውቃለች» አሉ። አያትዎን ዕድሜ ይስጥልን።

ትምህርቱ በከንቱ አልቀረም። ቡድኖቹ የሒሳብ ሰው ቀጠሩ። ሒሳቡም እርስዎ ያሉትን አረጋገጠ፤ መቺ አንድን ፒቸር በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኘው ይለምደዋል፣ በደንብም ይመታዋል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ማውጣት ነው። አሠልጣኞቹ እሺ አሉ።

ኦክቶበር 27 ቀን 2020፣ አርሊንግተን፣ ቴክሳስ። ታምፓ ቤይ ከዶጀርስ፣ የወርልድ ሲሪሱ ስድስተኛ ጨዋታ። የታምፓው ብሌክ ስኔል 1 ለ 0 እየመራ ይወረውራል። ዘጠኝ ሰው በስትራይክ (ሦስት ዕድሉን አክስሮ) አውጥቷል። የወረወረው ገና 73 ኳስ ነው። ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ አንዲት ተራ ምት ተመታችበት። አሠልጣኙ ኬቨን ካሽ ብቅ አለ። ስኔል ገና ሲያየው ነገሩ ገባውና ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ያለውን እዚህ አልጽፈውም። ተራቸውን የሚጠብቁት ሦስት መቺዎች በዚያች ማታ ስድስት ጊዜ ገጥመውት፣ ስድስቱንም ጊዜ በስትራይክ ወጥተዋል። ሒሳቡ ግን ሦስተኛ ጊዜ ነው ይላል። ስኔል ወጣ። ኒክ አንደርሰን ገባ። ሙኪ ቤትስ ወዲያው መታው። 2 ለ 1፣ ኋላም 3 ለ 1። ዋንጫው ወደ ዶጀርስ ሄደ።

እርስዎስ ምን አሉ? «እንዲህ የሚወረውር ሰው እንዴት ይወጣል? ኮምፒዩተር ጨዋታውን ገደለው! ይህንን አያቴም ታውቃለች!» አያትዎም ሐሳባቸውን ቀይረዋል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ አዲስ ነገር ለመማር ዝግጁ መሆናቸው ያስደንቃል።

ካሽ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አሠልጣኝ ተብሎ ተሸልሟል። ጋዜጠኞቹ ድምፃቸውን የሚሰጡት ከፖስትሲዝኑ፣ ማለትም ከዋንጫው ጨዋታዎች፣ በፊት ስለሆነ ነው። ቸኮሉ። ኦክቶበር እስኪያልቅ ጠብቀው እርስዎን ቢጠይቁ ኖሮ አይዋረዱም ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አይስሟቸው። ጅቡ እያለ የሚጮኽ ውሻማ ሊበላ ይችላል። ሊትል የተበላው እንደዚያ አይደለም እንዴ?

ይህን ችሎታ በቅርብ የሚያውቁት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን ናቸው። በ2019 የከተማዋ ቡድን ናሽናልስ ከሂውስተን ጋር ወርልድ ሲሪስ ገጠመ። በሜዳው የተጫወታቸውን ሦስቱንም ተሸነፈ፤ 4 ለ 1፣ 8 ለ 1፣ 7 ለ 1። እንግዲህ አስቡት። እኩለ ሌሊት ላይ ቀይ ማሊያ የለበሰ ሰውዬ የኋላውን በር ድርግም አድርጎ ይገባል። ቀበቶውን ሳያስር ትንታኔውን ይጀምራል። «ይሄ ዴቭ ማርቲኔዝ የሚሉት አሠልጣኝ እኮ ምንም አያውቅም!» ሹፌሩ በመስታወት ገረፍ አድርጎ ያየዋል። «ልክ ነዎት ጌታዬ» ይላል። ኢኒንግ ምን እንደሆነ ባያውቅም ቲፕ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከዚያ ናሽናልስ ሂውስተን ሄዶ ስድስተኛውንም ሰባተኛውንም አሸነፈ። በሰባቱም ጨዋታ ባለሜዳው አንዴም ሳያሸንፍ ያለቀ የመጀመሪያው ሲሪስ ሆነ። ሰባተኛው ጨዋታ ለእርስዎ ልዩ ስጦታ ነው፤ ሁለቱንም አስተያየትዎን በአንድ ማታ አስተናግዷል። የዋሽንግተኑ ማክስ ሸርዘር ከሦስት ቀን በፊት አንገቱን መያዝ አቅቶት ጨዋታ ያመለጠው ሰው ነው። በየኢኒንጉ የተጋጣሚው ሰው ቤዝ (ነጥብ ለማስቆጠር የሚረገጥ ማዕዘን) ላይ እየቆመበት አምስት ኢኒንግ ታገለ። ማርቲኔዝ አላወጣውም። በወዲያ በኩል ዛክ ግሪንኪ በ80 ኳስ ሁሉን ጸጥ አሰኝቶ ነበር። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ 2 ለ 1 እየመራ አሠልጣኙ አስወጣው። በተተኪው ላይ ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ ሄዳ ሄዳ የቀኙን መስመር ምሰሶ ጠንግ አደረገች። ሆምራን፤ አጥር እንደተሻገረች ተቆጠረች። ዋንጫው ከ1924 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋሽንግተን መጣ።

ሲንገዳገድ የቆየው ልክ፣ ሳይደክም የወጣው ስህተት። በማግስቱ ያው ማሊያ፣ ያው በር ድርግም። «ማርቲኔዝ ጂኒየስ ነው! እኔ ከመጀመሪያውም ብዬ ነበር።»

«ልክ ነዎት ጌታዬ።»

ወደ ኋላ ሄዶ መፍረድም ይሆንልዎታል። በ1964 የወርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ የሴንት ሉዊሱ ቦብ ጊብሰን በሁለት ቀን እረፍት ነበር የሚወረውረው። ዘጠነኛው ኢኒንግ ሲደርስ አቅሙ ተሟጦ ያንኪስ ሁለት ሆምራን መቱበት። አሠልጣኙ ጆኒ ኪን ከቦታው ንቅንቅ አላደረገውም። 7 ለ 5 አሸነፉ። የደከመ ጀግና መተው፤ ሊትል ያደረገው ይህንኑ ነው። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብዬ አንድ የእርስዎን ወገን ጠየቅሁ። «ኪን የሰው ልብ ያነባል፤ ሊትል ደደብ ነው» አለኝ። እንዲህ ሲብራራልኝ ደስ ይለኛል።

«ከፒቸር ሁሉ በኦክቶበር ማን ይበልጣል?» የሚለው ክርክርዎ ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ሚኔሶታ ከአትላንታ፣ 1991፣ ሰባተኛ ጨዋታ። ዘጠኝ ኢኒንግ አልቆ 0 ለ 0 ነው። አሠልጣኙ ቶም ኬሊ ጃክ ሞሪስን ይበቃሃል አለው። ሞሪስ እምቢ አለ። አሥረኛውንም ወጥቶ ወረወረ። 1 ለ 0፣ ዋንጫ። የእርስዎ አንዱ ወገን «ከዚህ የሚበልጥ ፒቸር አልተፈጠረም» አለ። ሌላው ወገን ካልኩሌተር አወጣ። «በዘመኑ ሁሉ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 3.90 ነጥብ ተቆጥሮበታል፤ የታላላቆቹ መታሰቢያ ዝና አዳራሽ አይገባም።» ጋዜጠኞቹ 15 ዓመት ድምፅ እየሰጡ አላስገቡትም። በኋላ ሌላ ኮሚቴ መርጦት በ2018 ገባ። አሥር ኢኒንግ የፈጀ ጨዋታ ሃያ ሰባት ዓመት ክርክር ወጣው። ፓርላማም እንዲህ አይደክምም።

የክርክሩን ሕግ አጥንቻለሁ። ቀላል ነው። ምርጡ ፒቸር እርስዎ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ የወረወረው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አይቆጠርም። ክሪስቲ ማቲውሰን በ1905 በስድስት ቀን ውስጥ ሦስት ሙሉ ጨዋታ ወርውሮ፣ በ27 ኢኒንግ አንድ ነጥብ አላስቆጠረም። እርስዎ ግን «ያኔ ኳሷ ራሷ ሙት ነበረች፣ ብትመታም አትርቅም» ብለው በአንድ አፍ ቀበሩት። ከእርስዎ ልጅነት በኋላ የመጣው ደግሞ ጥጥ ነው። ስድስት ኢኒንግ ወርውሮ በረዶ የሚያስር፣ ለክንዱ እንደ ሕፃን የሚዘፈንለት።

እንዲህ ሲሉ ሲሉ 2025 መጣ። የዶጀርሱ ዮሺኖቡ ያማሞቶ ቶሮንቶ ላይ የወርልድ ሲሪሱን ሁለተኛ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ወረወረ። ስድስተኛውን ጀምሮ አሸነፈ፤ 96 ኳስ። በማግስቱ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ፣ ዘጠነኛው ኢኒንግ ውስጥ፣ ያው ሰውዬ እየሮጠ መጣ። በአሥራ አንደኛው 5 ለ 4 ዘጋው። ከአራቱ ድል ሦስቱ የሱ ነው። ጥጥ የተባለው ትውልድ የ1905ቱን ሰውዬ ሥራ ሠራ። እኔ በየዋህነቴ እርስዎ ይቅርታ የሚጠይቁ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን ኮንትራቱን ይዘው መጡ። «ለ325 ሚሊዮን ዶላርማ እኔም እወረውር ነበር!»

ይወረውራሉ እንጂ። ማን ይጠራጠራል። ሪሞቱን ሲወረውሩ አይተናል።

አንድ ነገር ብቻ ዘወትር ያስፈራኛል። ዶን ላርሰን በ1954 ለባልቲሞር ሲወረውር 3 አሸንፎ 21 የተሸነፈ ሰው ነው። በ1956 ለያንኪስ ወርልድ ሲሪስ ገባ። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ 6 ለ 0 እየመራ ተሰጥቶት፣ አራት ሰው በነፃ ወደ ቤዝ አሳልፎ፣ ሁለተኛውን ኢኒንግ ሳይጨርስ ወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 8፣ መልበሻ ክፍል ሲገባ ኳሷ ጫማው ውስጥ ተቀምጣ አገኛት። አምስተኛውን ጨዋታ እሱ ይወረውራል ማለት ነው። ውሳኔው የአሠልጣኙ የኬሲ ስቴንግል ነበር። ላርሰን 97 ኳስ ወረወረ። 27 መቺ መጣ፣ 27ቱም ቤዝ ሳይረግጡ ተመለሱ። በወርልድ ሲሪስ ታሪክ እንዲህ ያለ ፍጹም ጨዋታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም።

64,519 ሰው ስታዲየም ገብቶ ነበር። ደግነቱ መልበሻ ክፍል ያስገቡት ደጋፊ አልነበረም። እርስዎ ቢኖሩ ኖሮ ያቺን ኳስ ከጫማው አውጥተው ለሌላ ሰው ይሰጡ ነበር፤ ያም ሰው ቢሸነፍ «ላርሰንን አሰልፉ ብዬ ነበር» ይሉን ነበር።