ባዶውን ወንበር ማን ይክፈል?

በወረርሽኝ ጊዜ "ግማሽ ብቻ ጫን" ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። ባዶ የቀረውን ወንበር ሒሳብ ማን ይከፍላል የሚለው ላይ ሲደረስ ነው ጣጣው።

ድሬን ላስቀድም። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሕዝብ ማመላለሻ ከአቅሙ ግማሽ በላይ እንዳይጭን፣ ተሳፋሪም ማስክ እንዲያደርግ ተባለ። ድሬ ከጅቡቲ የሚመለሰው ሰው የሚገባባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ስጋቱ የምር ነበር። በዚያ ላይ ከወራት በፊት ቺኩንጉንያ ሰፈሩን ሁሉ አልጋ ላይ አውሎት ስለነበር ሰዉ በሽታን ያውቀዋል። ያኛው ግን የሚመጣው በትንኝ ነው። ባጃጅ ውስጥ "አቦ ጠጋ በል!" መባባልን አይከለክልም። ኮሮና እሱንም ከለከለ።

ባጃጅ ከኋላ የሚይዘው ሦስት ሰው ነው። አራተኛው ሹፌሩ ጎን ሸርተት ይላል፤ የድሬ ሰው እሱን እንደ ትርፍ አይቆጥረውም። ብዙ ሹፌር ደግሞ ባጃጁ የራሱ አይደለም። ሲመሽ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ያስገባል። ሦስት ሰው ጫነ አንድ፣ የሚጠበቅበት ገቢ ያው ነው። እና ምን ያድርግ? ሒሳቡን ወደ ተሳፋሪው አዞረው። የአንድ ሰው ቦታ ይዞ የሁለት ሰው መክፈል መጣ።

አክስቴ ሳቢያን ነው የምትኖረው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ ከፊራ ገበያ ካልገበያየች ሳምንቱ ያለፈ አይመስላትም። ያን ሰሞን ስደውልላት "አንተ ልጅ፣ በሽታው ገና ሳይደርስብኝ የባጃጁ ሒሳብ ጨረሰኝ" ትለኝ ነበር። ስትሄድ በእግሯ፣ ስትመለስ ሸክም ስላለ በባጃጅ። በዚያ በግንቦት ሙቀት! መመሪያው ርቀት ጠብቁ ያለው ለሁሉም ነው፤ ርቀቱን መግዛት የቻለው ግን ብር ያለው ነው። ኮንትራት ይዞ ብቻውን የሚሄደው ሰውዬማ ድሮም ርቀቱን እንደጠበቀ ነበር።

እኔ የምኖርበት የዋሽንግተን አካባቢ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የከተማው አውቶቡስ ሰውን በኋላ በር ማስገባት ጀመረ። የፊቱ በር ለአካል ጉዳተኞች ብቻ ተተወ። ዓላማው ሹፌሩን ከተሳፋሪው ትንፋሽ ማራቅ ነው። መክፈያው ማሽን ያለው ደግሞ ፊት ለፊት ስለሆነ ጉዞው በዚያው ነጻ ሆነ። እስከ ጃንዋሪ 2021 ድረስ አውቶቡስ ላይ የከፈለ የለም። የፌዴራሉ መንግሥት በመላው አሜሪካ ላሉ የትራንስፖርት ድርጅቶች 25 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። ባዶውን ወንበር የመንግሥት ካዝና ከፈለው ማለት ነው።

ይህን ስል አሜሪካን እያሞገስኩ አይደለም። እዚያው ዋሽንግተን ባቡሩ ለወራት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋ ነበር። የቢሮ ሠራተኛው ምን ቸገረው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራል። ማታ ባቡር የሚያስፈልገው ለሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ፣ ለአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ለሱቅ ሠራተኛ ነው። ከእነሱ መሀል የእኛ ሰው ሞልቷል። እኩለ ሌሊት ከሥራ ወጥቶ ኡበር የሚጠራ ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን ብር ለአንድ ጉዞ ያስረክባል። ነጻ የተባለው አውቶቡስ መስመሩ ተቀንሶ ስለነበር ለእሱ የለም። ኒውዮርክም ከሜይ 2020 ጀምሮ የምድር ባቡሯን ሌሊት ሌሊት እየዘጋች ስታጸዳ ከረመች። ሙሉ ሌሊት መሥራት የተመለሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በመሀሉ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድል ዝቅተኛ ነው አለ። ዋናው ጉዳይ አየሩ ነበር።

ነገሩ የአየር ከሆነ ደግሞ የእኛ ባጃጅ አይታማም። ግራ ቀኙ ክፍት ነው፤ በፍጥነት ሲሄድ ማስኩን ራሱ ይዞት ሊሄድ ይደርሳል። ድሬ ላይ የታክሲ መስኮት ዝጉ የሚል ሰው አይገኝም። ወደ ሐረር ሲኬድ ግን ደንገጎን መውጣት እንደተጀመረ አየሩ ይቀዘቅዛል። ወዲያው ከኋላ "ኧረ መስኮቱን፣ ብርድ ሊመታን ነው" የሚል ድምፅ ይመጣል። ያኔ በኮሮና ጊዜ እዚያች ዳገት ላይ መስኮት ማስከፈት ሰው ከመቀነስ በላይ ይጠቅም ነበር እላለሁ። ወጪውም ጋቢ መደረብ ብቻ ነው።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። ድሬ 25 ቢሊዮን ዶላር የላትም። ቢሆንም ጭነቱ በግማሽ ይቀነስ ሲባል የቀን ገቢውም አብሮ ይቀነስ ማለት ይቻል ነበር። ባለንብረቱ "እኔስ ብድር አለብኝ" ይላል፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ለእሱ ደግሞ ባንኩ ለጥቂት ወራት ይታገሠው። ሸክሙ ከባንክ እስከ ተሳፋሪ ቢከፋፈል ለማንም ያን ያህል ባልከበደ። እንደሰማሁት ግን ጫናውን የተሸከሙት ሹፌሩና ተሳፋሪው ብቻ ናቸው፤ እርስ በርስ ሲጨቃጨቁም ከረሙ። አዋጁ አምስት ወሩን ጨርሶ ሲያበቃ አራተኛው ሰው ሹፌሩ ጎን ተመልሶ ተቀመጠ። ሒሳቡ ግን እንደ ሰውየው ቶሎ አልተመለሰም ትላለች አክስቴ።