ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ ዓሣው ማን ይባላል?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሙሉ ዓሣ ጥብስ ያዘዘ ሰው የሚበላውን ያውቃል። ጭንቅላቱም ክንፉም ሳህኑ ላይ ነው፤ ቆሮሶ ከሆነ ቆሮሶ ነው። ያው ሰው ጉላሽ ወይም ፊሌቶ ሲያዝ ግን አስተናጋጁን ማመን አለበት። አስተናጋጁ ወጥ ቤቱን ያምናል፣ ወጥ ቤቱ ነጋዴውን፣ ነጋዴው ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሐይቁ ዳር የጫነለትን ሰው። የዓሣ ስም ከቆዳው ጋር አብሮ ይገፈፋል።

እኛ በምንኖርበት አሜሪካ ይህ የመተማመን ሰንሰለት ምን ያህል እንደላላ በቁጥር ታይቷል። ኦሺያና የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 1,215 ናሙናዎች ሰብስቦ በዲ ኤን ኤ ሲያስመረምር አንድ ሦስተኛው የተሸጠበት ስም የእሱ አልነበረም። ሬድ ስናፐር (ቀይ የባሕር ዓሣ ነው) ተብለው ከተገዙት 120 ናሙናዎች ሬድ ስናፐር ሆነው የተገኙት 7 ብቻ ናቸው። ነጭ ቱና የተባለውም በአብዛኛው ኤስኮላር ነበር፤ ቅባቱ ሆድ የሚያስቀምጥ ዓሣ ነው።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተውና ዓሣው ሳይመናመን ለሚያጠምዱ ምስክርነት የሚሰጠው ኤም ኤስ ሲ የተባለ ድርጅት ሰማያዊ ምልክቱ ያለባቸውን 1,402 ምርቶች ከ18 አገሮች አስመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ ሲወጣ፣ ስሙ የተሳሳተው 1 በመቶ እንኳ አልሞላም። ምልክቱን እንዲይዝ ማንንም ሕግ አያስገድድም። የፈለገ ግን ከአጥማጁ ጀምሮ ዓሣው ያለፈበት እጅ ሁሉ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ከጎደለ ምልክቱ እዚያው ይቀራል። ኦዲተሩ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ አንድ ካርቶን ያነሳና «የዚህን የግዢ ደረሰኝ አምጡ» ይላል። ከዚያ የገባውን ኪሎ ከወጣው ኪሎ ጋር ያስተያያል።

ዋናው መቆጣጠሪያ ይህ የኪሎ ሂሳብ ነው። ቆሮሶ ሲፈለቀቅ ፊሌቶው ከሙሉ ክብደቱ ሲሶውን ያህል ነው። 90 ኪሎ ቆሮሶ የገዛ ቤት 30 ኪሎ አካባቢ ፊሌቶ ያገኛል። ደብተሩ ላይ 45 ኪሎ «የቆሮሶ ፊሌቶ» ተሸጠ ከተባለ፣ 15ቱ ኪሎ ከሌላ ዓሣ መጥቷል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

አገር ቤት ኢትዮጵያ ግን ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በዚህ ምክንያት በእምነቱ የማይበላው ብዙ ሰው አለ። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ሌላ ክርክር ነው።) ጥሬው ሲታይ የአምባዛ ሥጋ ጠቆር፣ ለስለስ ይላል፤ ቆሮሶ ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ቀይ መስመር አለው። ዱቄት ተነስንሶበት ከተጠበሰ ወይም ስልስ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ባለሙያም ይሳሳታል። ስለዚህ ማረጋገጥ ያለብን ከመጥበሻው በፊት ነው።

የውጭውን ሥርዓት እንዳለ ወደ ድሬ ማምጣት አይቻልም፤ ወጪው ለትንሽ ቤት ይከብዳል። ለባሕር ዓሣ ብቻ ነው ተብሎ ግን አይተው፤ የስዊድኑ የየልማረን ሐይቅ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2006 የኤም ኤስ ሲን ምስክር ወረቀት አግኝቷል። ድሬና ሐረር ያሉ ሆቴሎችና ዓሣ ቤቶች ተስማምተው ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር አለ። ዓሣው እስከ ወጥ ቤት ድረስ ሙሉውን ይምጣ። ተፈልቅቆ የሚመጣ ከሆነ ፊሌቶው ላይ የአውራ ጣት ያህል ቆዳ ይተውበት፤ የቅርፊት ምልክት ያለበት ቆዳና ልሙጡ የአምባዛ ቆዳ አይመሳሰሉም። ለየዓይነቱ የተለያየ ቀለም ያለው ሳጥን ይኑር፣ ቢላዋና መክተፊያው በየመሐሉ ይታጠብ። ደብተሩ ላይ ቀን፣ ሐይቅ፣ ዓይነት፣ የገባ ኪሎ፣ የወጣ ኪሎ ይጻፍ። ደብተሩን የሚያየው ሻጩ ራሱ መሆን የለበትም፤ የድሬዳዋ ወይም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ሳይናገር ብቅ ብሎ ቢያየው እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መለያው ላይ ነው። በድሬ ሙቀት በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጣል፣ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ይሟሟል፣ ሳጥኑ ሲራገፍ ስም የለሽ ይሆናል፤ ያኔ ያራገፈው ልጅ የመሰለውን ስም ይሰጠዋል። ውሃ በማያጠፋው ቀለም ፕላስቲክ ላይ ተጽፎ ከሳጥኑ እጀታ ጋር በሲባጎ ይታሰር፤ ክዳኑ ላይ አይሁን፣ ክዳን ይቀያየራል።