በወረርሽኙ ዘመን ያልታከመው የጤና ባለሙያዎች ጭንቀት

የኮሮና ቫይረስ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ወሩ ሳያልቅ፣ መጋቢት 30 ቀን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ትምህርት ቤቶች ቀደም ብለው ተዘግተው ነበር፤ ከአራት ሰው በላይ መሰባሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችም የወንበራቸውን ግማሽ ብቻ እንዲጭኑ ተወሰነ። ያ ጊዜ በገበያው፣ በትምህርቱና በፖለቲካው ላይ ስላደረሰው ጉዳት ብዙ ተብሏል። በወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ይሠሩ በነበሩ ሰዎች ላይ ያደረሰው የሥነ ልቦና ጉዳት ግን በአደባባይ እምብዛም አልተነሣም፤ በአብዛኛውም ሳይታከም ቀርቷል። ባለሙያዎቻችንን ክፉኛ የጎዳቸው የቫይረሱ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። የወሎን ሰው በክፉ ቀን ደግፈው የሚያቆሙት ነገሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነፈጓቸው፤ ዋናው ጉዳት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በእኛ አካባቢ ጭንቀት ለብቻ የሚያዝ ነገር አይደለም። የከፋው ሰው «ከፍቶኛል» ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ከስንት አንዴ ነው። ከዚያ በፊት ጎረቤቱ ፊቱን አይታ ትጠረጥራለች፤ ቡና ይፈላል፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ነገሩ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ታላቆች ዱዓ ያደርጋሉ፣ አለዚያም የነፍስ አባት ይጠራል። ሞት ሲመጣ ቅሬው፣ ማለትም ሌላው አገር ዕድር የሚለው የመረዳጃ ማኅበር፣ ድንኳን ይተክላል፤ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ቀብር ይወጣል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ እንደልብ በማይገኝበት አገር አብዛኛውን ሸክም ተሸክሞ የኖረው ይህ ሥርዓት ነው። በ2012 ዓ.ም. የተቋረጠው ለሁሉም ሰው ቢሆንም ለጤና ባለሙያው መቋረጡ እጥፍ ሆነበት። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ። ሌላው ሕዝብ በሩን ዘግቶም ቢሆን ከቤተሰቡ ጋር ሲፈስክና ሲያፈጥር፣ በለይቶ ማከሚያ የተመደበው ነርስ ተራውን ጨርሶ እንኳ በቀጥታ ቤቱ አይገባም ነበር፤ እሱም ራሱ ለቀናት ተለይቶ መቆየት ነበረበት። በዚያ መሐል ዘመድ የሞተበት መርዶውን በስልክ ሰምቶ፣ ለቅሶ ሳይቀመጥ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሳይለቀስ የታለፈ ሐዘን ዓመታት ቆይቶ በእንቅልፍ እጦት፣ በቁጣና በራስ ምታት መልክ እንደሚመለስ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ከደሴ በስተሰሜን ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በወረርሽኙ ጊዜ የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሆኖ አገልግሏል። ይህ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየአቅጣጫው እየመጡ ለረጅም ዓመታት ሲታከሙበት የኖረ ስፍራ ነው። ከሰው መሐል መውጣት በሽተኛውን ምን ያህል እንደሚሰብረው በዚያ ግቢ የሠሩ ሰዎች ከማንም በላይ ያውቃሉ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መገለሉ በሽተኛውን አልፎ ወደ ሐኪሙ ተሻገረ። በየሆስፒታሉ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ያን ጊዜ ሲያነሡ የሚነግሩኝ ተቀራራቢ ነው፦ አከራይ ቤት እንዲለቁ ጠይቋቸዋል፤ የባጃጅ ሾፌር የሥራ መታወቂያቸውን አይቶ አላሳፍርም ብሏል፤ ልጆቻቸው ከጎረቤት ልጆች ጋር እንዳይጫወቱ ተከልክለዋል። ንጉሥ ሚካኤል ባሠሩት በአይጠየፍ አዳራሽ ድሃና ሀብታም ከአንድ ግብር ይቀመጥ ነበር እየተባለ በሚነገርባት ደሴ እንዲህ ያለ ነገር መሰማቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እነዚያን አከራዮችና ጎረቤቶች ለመውቀስ ግን አልቸኩልም። ያደረጉት የተነገራቸውን ነው። ርቀታችሁን ጠብቁ፣ እጅ አትጨባበጡ፣ ቤታችሁ ሰው አታስገቡ እያሉ በድምፅ ማጉያም ቤት ለቤትም ሲያስተምሩ የሰነበቱት የጤና ባለሙያዎቹና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ። መልእክቱ ትክክል ነበር፤ ሕይወትም አትርፏል። ነገር ግን ግማሹ ጎድሎ ነበር። ሰውን ሳይነኩ አለኝታ መሆን እንዴት እንደሚቻል የነገረ የለም። ምግብ አብስሎ ደጃፍ ላይ ማስቀመጥ፣ በየማታው ደውሎ ድምፅ መስማት፣ ከመንገድ ማዶ ሆኖ «እንዴት አደራችሁ» ማለት፣ የተለየውን ሰው ልጆች ደህንነት መጠየቅ፤ ይህ ሁሉ ከርቀቱ ጋር አብሮ መታወጅ የነበረበት ነው። የወሎ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ቢጠየቅ ይሰስት ነበር ብዬ አላስብም። የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

በማከሚያው ውስጥ ወደነበረው ሥራ ስንገባ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዳት እናገኛለን። ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነውን የመከላከያ ልብስ ለብሶ የገባ ሰው ውኃ መጠጣትም መጸዳጃ ቤት መሄድም ስለማይችል ጠምቶት ገብቶ ጠምቶት ይወጣል። መነጽሩ በላብ ይጋረዳል። ታማሚው የሐኪሙን ፊት አያይም፤ ሐኪሙም እንደለመደው እጁን ይዞ ሊያጽናናው አይችልም። ይህ ሁሉ ድካም ነው፤ ድካም በዕረፍት ይለቃል። የማይለቀው የኦክስጅን ሲሊንደር ከታማሚው ቁጥር ሲያንስ ለማን ቀድሞ እንደሚሰጥ የወሰነው ተረኛ ላይ የሚቀረው ነው። ይህንን የኅሊና ቁስል ቀድመው ያጠኑት ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮችን ያከሙ ባለሙያዎች ናቸው። ማድረግ የሚገባውን እያወቀ ማድረግ ያልቻለ፣ ወይም እንዲያደርግ የተገደደው ነገር ከሚያምንበት የተጣላበት ሰው የሚሸከመው ነው። ፍርሃት አደጋው ሲያልፍ ይቀንሳል፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው አደጋው ካለፈ በኋላ፣ ሰውዬው ቁጭ ብሎ ማሰብ ሲጀምር ነው። ክትባቱ በአገራችን መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን ቅድሚያ ካገኙት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ብዙ ኃላፊዎች የባለሙያው ጭንቀት ከዚያ በኋላ ያከትማል ብለው ነበር። ክትባቱ ከቫይረሱ ይጠብቃል፤ በሌሊት እየመጣ የሚጠይቀውን የሟች ፊት አይመልስም።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ ወደ 115,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት በዓለም ዙሪያ የጭንቀትና የድባቴ ሕመም በ25 በመቶ መጨመሩንም ገልጿል። ይኸው ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2019 ባወጣው የበሽታዎች ምደባ ማብራሪያ የሥራ መታከትን የተረጎመው፣ ሥር ከሰደደና በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ብሎ ነው። «በአግባቡ ካልተያዘ» የሚለውን ላሰምርበት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ኃላፊነቱን በታካቹ ሰው ባሕርይ ላይ ሳይሆን ሥራውን በሚያደራጀው አካል ላይ ያስቀምጣል። በየሆስፒታሉ ጭንቀትንና ድባቴን ለመለካት የሚሠራባቸው መጠይቆች ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍህ እንዴት ነበር፣ የምግብ ፍላጎትህስ፣ ተስፋ ቆርጠህ ታውቃለህ እያሉ ይጠይቃሉ። ጠቃሚ ናቸው። ቡና የጠጣኸው ከማን ጋር ነበር፣ ቅሬህ ጠይቆሃል ወይ፣ አከራይህ ምን አለህ የሚሉት ግን የሉባቸውም። በዚያ ላይ መጠይቁ የሚደርሰው ባብዛኛው ሐኪምና ነርስ ዘንድ ነው። የታማሚውን አንሶላ የሚሰበስበው የጽዳት ሠራተኛ፣ አምቡላንሱን የሚያሽከረክረው፣ አስከሬን የሚያወጣው፣ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ በዚያው አየር ውስጥ ነበሩ። ለእነሱ ሥልጠናውም መከላከያ ልብሱም ዘግይቶ ሲደርስ፣ እንዴት ናችሁ ብሎ የጠየቃቸው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እርዳታው ቢኖርስ ማን ይሄድበታል? በትንሽ ከተማ ውስጥ የአእምሮ ጤና ባለሙያው ከሌላው ሠራተኛ ጋር በአንድ ኮሪደር የሚሠራ፣ በአንድ ሻይ ቤት የሚቀመጥ ሰው ነው። አንዲት አዋላጅ ነርስ ወደ እሱ ክፍል ስትገባ ከታየች እስከ ማታ ወሬው ግቢውን ያዳርሳል፤ ነገ የተረኛ ድልድል ሲወጣ «እሷ እኮ አልተሻላትም» ይባላል። «ጀግኖቻችን» እየተባሉ የተጨበጨበላቸው ሰዎች ደክሞኛል፣ ፈርቻለሁ ለማለት ይበልጥ ይከብዳቸዋል። ጭብጨባው ከልብ የመነጨ እንደነበር አልጠራጠርም። የጀግንነት ስም የተሰጠው ሰው ግን ድካሙን ይደብቃል፤ የተደበቀ ድካም ደግሞ ወይ በታማሚው ላይ በሚሰነዘር ቁጣ፣ ወይ በመጠጥ፣ ወይ ሥራ ለቅቆ በመሄድ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ገና ሳይደርቅ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ ኅዳር ማገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ወደቁ፤ ወልድያማ ከዚያ ቀድማ ነበር። ብዙ ባለሙያዎች ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደዱ፤ ሲመለሱ የሚያውቁት ሆስፒታል ተዘርፎ፣ መሣሪያው ተነቅሎ፣ መድኃኒቱ ባክኖ ጠበቃቸው። ከዚያ በኋላም ክልሉ ከግጭት አልወጣም። ዛሬ አንድ የወሎ ነርስ ምን እንደሚያስጨንቃት ብትጠየቅ የቱ ከወረርሽኙ፣ የቱ ከጦርነቱ እንደመጣ ለይታ መናገር ያስቸግራታል። እኔም በግድ ይለይ አልልም። የመጀመሪያው በጊዜው ታክሞ ቢሆን ኖሮ ግን ሁለተኛውን የተቀበሉበት አቅም ሌላ ይሆን ነበር።

ደመወዙ ለወር አስቤዛ ለማይበቃ ባለሙያ ስለ ሥነ ልቦና ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ንቀት የለበትም፤ ከሕይወት የመጣ ሐሳብ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ ያነሡት ጥያቄም የሚዘነጋ አይደለም። እኔ ግን ክፍያውንና ጭንቀቱን ነጥዬ አላያቸውም። የተረኛነት ክፍያው በጊዜው የማይደርሰው፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው የምክር አገልግሎት ብቻ ቢሰጠው መሳለቅ ይመስለዋል፤ ልክም ነው። የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚጀምረው ክፍያን በወቅቱ ከመክፈልና በተከታታይ ሌሊት የሠራን ሰው ከማሳረፍ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የደሴ ሠራተኛ ከወልድያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር፣ የወልድያው ከደሴ ጋር፣ የኮምቦልቻው ከላሊበላ ጋር በስልክ እንዲነጋገር ቢደረግ የኮሪደሩ ወሬ ፍርሃት ይወገዳል፤ ስም ሳይመዘገብ፣ አለቃ ሳያውቅ። የሚያስፈልገው ጥቂት የሠለጠኑ የአእምሮ ጤና ነርሶች፣ የአየር ሰዓት፣ እና በድልድላቸው ላይ ለዚህ የተተወ ሰዓት ነው። ለቀጣዩ ወረርሽኝ በሚዘጋጀው የእያንዳንዱ ሆስፒታል ዕቅድ ውስጥም ለይቶ ማከሚያ ገብቶ የሚወጣው ሠራተኛ የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያበስልለት፣ ልጆቹን ማን እንደሚያይለት በግልጽ ይጻፍ፤ የጽዳት ሠራተኛውና የአምቡላንስ ሾፌሩም ሳይቀሩ።

የቅሬ ዳኞች፣ ኢማሞችና የየደብሩ አስተዳዳሪዎች ከዚህ ዕቅድ ውጪ መሆን የለባቸውም። በ2012 ዓ.ም. የተጠሩት አማኙን ስለ እጅ መታጠብና ስለ መራራቅ እንዲመክሩ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ወረርሽኙ ሳይመጣ ይጠሩና ከአባሎቻቸው መካከል በሆስፒታል የሚሠሩትን ይመዝግቡ፤ አንዳቸው ለይቶ ማከሚያ ሲገባ ቤቱን የሚጠይቁ፣ ሐዘን ቢደርስበት ለቅሶውን እስኪመለስ የሚያቆዩለት ሰዎች አስቀድመው ይመደቡ። ቅሬው ለሟች ቤተሰብ ድንኳን ሲተክል የሚሠራበት የተራ መዝገብ አለው፤ ይህም በዚያው መዝገብ ላይ ሊጨመር ይችላል።