ሲሚንቶው ከመቦካቱ በፊት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የድሮ ቤት አለ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ልስኑ ኖራ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሲሚንቶ ተለሰነና አማረበት። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ልስኑ ከሥር አብጦ አየሁት። ስነካው ቁራጩ እጄ ላይ ቀረ። ከኋላው ያለው ጭቃ እርጥብ ነው፤ ያውም በበጋ!

የድሮ ግድግዳ ይተነፍሳል። የሳበውን እርጥበት በኖራው በኩል መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ መውጫውን ይደፍንበታል። ባለቤቶቹ ይህን ያደረጉት ቤታቸውን ስለሚወዱ ነው። የግድግዳውን ጠባይ የነገራቸው ግን የለም።

ለዚህ ነው ከጥገና በፊት የሕንፃው ዲጂታል ሞዴል፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የሚታይ ሙሉ ቅጂው፣ ይሠራ የምለው። ሕንፃው በሌዘር ወይም በፎቶ ይለካል። እያንዳንዱ ግድግዳ ከምን እንደተሠራ፣ መቼ እንደተጠገነ፣ ስንጥቁ ከየት እንደሚነሳ ሞዴሉ ላይ ይመዘገባል። መሐንዲሱ መሬት ቢንቀጠቀጥ የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደሚላቀቅ እዚያው ያሰላል። ማጠናከሪያውን የሚጨምረውም በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ይሆናል። በዓመቱ እንደገና ሲለካ ግድግዳው ምን ያህል እንደዘመመ ይታወቃል።

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ መሬቱ በሚንሸራተትበት ተዳፋት ላይ ነው ያለችው። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራ ቆሬ በኩል የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። የደሴ ሙዚየምም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል። የጠፋ ነገር እንዴት እንደሚያንገበግብ እናውቃለን።

የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቃጠሉ ዓመታት በፊት አንድሪው ታሎን የተባለ ምሁር በሌዘር ለክቶት ነበር። መልሰው ሲሠሩት ያ ልኬት ጠቅሟቸዋል። ሩቅ ሳንሄድ፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በሌዘር ተለክተዋል።

እኔ ብሆን ከአይጠየፍ እጀምር ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ግብር የበላበት አዳራሽ ነው። ሌዘሩ ውድ ነው፤ በጥሩ ካሜራና በድሮን ከተነሱ ተደራራቢ ፎቶዎችም ግን ሞዴል ይወጣል። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል ምህንድስና ያስተምራል። ተማሪዎቹ ቶታል ስቴሽናቸውን፣ ማለትም ርቀትና ማዕዘን የሚለካውን መሣሪያ፣ ይዘው ይውጡ። ኖራ ማቡካት የሚያውቁ አዛውንት ግንበኞችም አብረዋቸው ይሂዱ፤ እነሱ የሚያውቁትን ካሜራ አያነሳውም።

ሥራው በበጋ ቢጀመር ጥሩ ነው። ክረምት ከገባ በደሴ ጉም የአዳራሹን ጣሪያ ማየትም ያስቸግራል።