ማስተካከያ፦ የመጀመሪያው የአርመኖቹ አልነበረም

ባለፈው ሳምንት «የ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው የዘር ማጥፋት በ1915 በአርመኖች ላይ የተፈጸመው ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ያኔም ይህን መግለጽ ነበረብኝ።)

ከዚያ አሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ በዛሬዋ ናሚቢያ ተፈጽሟል። አገሩ ያኔ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበር። የሄሬሮ ሕዝብ በ1904 መጀመሪያ ላይ አመፀ። ኦገስት ላይ ዋተርበርግ በተባለው ቦታ ከተካሄደው ውጊያ በኋላ ወደ ኦማሄኬ በረሃ ሸሸ። የጀርመን ጦር ደግሞ የውሃ ጉድጓዶቹን ዘጋበት። ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ ሳይቀር በውሃ ጥም አለቀ። ኦክቶበር 2 ቀን የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታ ትእዛዝ አወጣ፦ በግዛቱ ውስጥ የተገኘ ሄሬሮ ሁሉ፣ መሣሪያ ያዘም አልያዘም፣ ይተኮስበታል። ትእዛዙ በጽሑፍ የወጣ ነው፤ «በጦርነት መሀል ያጋጠመ ነው» ማለት አያስኬድም።

ቆይተው ያመፁት ናማዎችም፣ የዚያው አገር ሌላ ሕዝብ፣ አልተረፉም። ብዙዎቹ ሻርክ ደሴት ላይ በነበረው የእስረኞች ካምፕ በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ ሞቱ።

የጀርመን መንግሥት ድርጊቱን በይፋ «የዘር ማጥፋት» ብሎ የጠራው በ2021 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ!

የአርመኖቹ ታሪክ እንዳለ ነው። የተሳሳትኩት «የመጀመሪያው» በሚለው ቃል ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም አውጥቼዋለሁ።