የመንደር ስም ሁሉ ከንጉሥ አፍ አልወጣም

የአንድ የገጠር መንደር ስም ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። አንድ ንጉሥ በዚያ ሲያልፉ አገሩን አይተው ተደነቁ፣ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ያው ስም ሆኖ ቀረ። ጨዋታው ይጥማል። እኔ ግን ገበሬውን ከገዛ ታሪኩ ያስወጣዋል ባይ ነኝ። ንጉሡስ አድረው ሄዱ፤ ጫካውን የመነጠረው፣ ምንጩን ያገኘው፣ ገበያውን ያቆመው ሰው የታለ?

እስቲ ስሞቹን ራሳቸውን እንያቸው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ሐሙሲትና አርብ ገበያ አሉ፤ ገበያተኛው በቀኑ የጠራቸው ናቸው። ማይጨው በትግርኛ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው፣ እሱን ደግሞ ውሃውን የቀመሰ ሰው እንጂ ሌላ ማን ያወጣዋል? ወሎ ስንደርስ ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ እንላለን። «ወረ» ከኦሮምኛው «ወራ» የመጣ ነው፣ ቤተሰብ፣ ወገን እንደማለት። ይሄን ሳያውቅ በአማርኛ ብቻ ልፍታው የሚል ሰው ስሙን ያጣምመዋል። ዛሬ መንደሩ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ስሙ የወጣበት ላይሆን ይችላል፤ ይሄ ደግሞ ማንንም ባይተዋር አያደርግም፣ ሰው ተጋብቶና ተዋልዶ አብሮ ኖሯል ማለት ነው።

የሚያሳስበኝ የትንንሾቹ ጎጦች ጉዳይ ነው። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ አንድ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር መሬት እንዲይዝ ስላዘዘ ብዙ ጎጥ ባንድ ስም ሥር ገባ። ቀጥሎ የመንደር ምሥረታው ሰውን ከቀዬው አንስቶ ሌላ ቦታ ሰበሰበው። አሁን የጎጡን ስም የቀበሌ መዝገብ ላይ ብትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ፤ እድር ላይና የግጦሽ ክርክር ላይ ግን ይጠራል።

ስለዚህ የገጠር መምህራን ሆይ፣ ይሄን ለተማሪዎቻችሁ የቤት ሥራ ስጡልን። የመንደሩን ስም ብቻ አይደለም፣ የማሳውን፣ የምንጩን፣ የዳገቱንም ስም ይጠይቁ። እናቶችን ሳይዘሉ፤ ውሃ ሲቀዱ የኖሩት እነሱ ናቸውና የምንጩን ስም እነሱ ያውቁታል። የንጉሡም ወሬ ይጻፍ፣ ወሬ ነው ተብሎ። ሁለት አዛውንት ሁለት ነገር ቢናገሩ ሁለቱም ይመዝገብ፣ ማን እንደተናገረው፣ እሱስ ከማን እንደሰማው ጭምር።