ጭብጨባ ለማያጨበጭቡት

ኮንሰርት ገብቶ የሚያጨበጭብ ሰው ያሳዝነኛል። ትኬት ይቆርጣል፣ ይሰለፋል፣ ይጋፋል፤ የሚወደው ዘፈን ሲጀመር ደግሞ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ እንደ ልጅ ይጮኻል። ምን እያጠፋ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ከኋላው፣ ሁለት ሰው አልፎ፣ ባርኔጣው ጠርዝ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የማያህሉ ሁለት ማይክሮፎኖች የሰካ አንድ ጀግና እንደ ምሰሶ ተገትሯል። አይዘፍንም፣ አያፏጭም፣ አንገቱን እንኳ አያወዛውዝም፤ ካወዛወዘ ጊታሩ ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ ጆሮ ይሄድበታል። ለታሪክ እየቀዳ ነው። ታሪክ ግን የሚደርሳት ያንተ ፉጨት ነው፤ እፈር።

እንግዲህ ምስጋናዬ ለእነዚያ ምሰሶዎችና የቀዱትን ለሚያሳድዱ ሰብሳቢዎች ነው። ከታዳሚ መሃል ተደብቆ የተቀዳ የኮንሰርት ድምፅ የሚሰበስቡ ሰዎች በብዙ ዘፋኞች ዙሪያ አሉ። እኔ የማውቃቸው የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቦብ ዲላንን ነው፤ በትጋት የሚስተካከላቸው ያለም አይመስለኝም። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1988 ጊታሩን ይዞ መዞር ጀመረ፤ ጉዞው ባያልቅ ጊዜ «ማለቂያ የሌለው» የሚል ስም ወጣለት። ዲላን ራሱ በ1993 ባወጣው አልበም ላይ፣ ያ ጉዞ እኮ በ1991 አብቅቷል ብሎ በጽሑፍ አስታወቀ። ሰብሳቢዎቹ የባለቤቱን ቃል አልተቀበሉትም። እሱ ምን ያውቃል? ዘፋኝ ነው እንጂ ሰብሳቢ አይደለም። ቆጠራቸውን ቀጠሉና በሚያዝያ 2019 ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ላይ ሦስት ሺኛውን ኮንሰርት ደፈኑለት።

እስቲ እናስላው። አንዱን ኮንሰርት በትንሹ አንድ ሰዓት ተኩል እንበለው፤ 4,500 ሰዓት ይመጣል። እንደ ቢሮ ሥራ በቀን ስምንት ሰዓት ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው 562 ቀን ከግማሽ ይፈጅበታል፤ እሑድ የለ፣ በዓል የለ። ይህም እያንዳንዱ ኮንሰርት አንድ ቅጂ ብቻ ካለው ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ሰብሳቢ አይባልም፤ አድማጭ ነው የሚባለው።

ምክንያታቸው ከንቱ ነው እንዳልል አፌን ይይዘኛል። ዲላን አንድን ዘፈን ዛሬ እንደ ትናንቱ አይዘፍነውም። ዜማውን ይቀይረዋል፣ ምቱን ያፈጥነዋል፣ አንዳንዴ ስንኙን ሁሉ ይለውጠዋል፤ ግማሹ ካለፈ በኋላ ነው ሕዝቡ «አሃ፣ ይሄ እኮ ያ ነው» ብሎ የሚነቃው። ስለዚህ ሁለት ቅጂ መያዝ ማስተዋል ነው። ሃያም ቢሆን ፍቅር ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ስም የሚያወጣለት ሐኪም ይፈለግ።

ሁሉም ያለው አንድ ወዳጅ አለኝ። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ካሴት ነው፤ ከካሴቱ ሥር ሲዲ፣ ከሲዲው ሥር ሃርድ ዲስክ፤ ለእያንዳንዱ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ቢበላሽስ ብሎ መንታ ገዝቶለታል። አንድ ምሽት «ና ላሰማህ» አለኝ። የአንድ ሌሊት ኮንሰርት ሦስት ቅጂ ደረደረልኝ፤ አንዱ ከመድረኩ ፊት በግራ በኩል የተቀዳ፣ አንዱ ከሰገነቱ፣ ሦስተኛው ከአንዲት ወሬኛ ሴት አጠገብ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋልኝና ጣቱን አነሣ። «ጠብቅ… አሁን ሰውዬው ይስላል።» ሰውዬው ሳለ። ወዳጄ የዘመድ ድምፅ እንደ ሰማ ሰው ፊቱ በራ። «ከሰገነቱ በተቀዳው ላይ ሳሉ ከሩቅ ነው የሚመጣው። በሦስተኛው ግን ሴትዮዋ ‹ውጣና ውሃ ጠጣ› ስትለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይሰማል!»

«ዘፈኑስ የትኛው ነው?» አልኩት።

ዝርዝሩ የተጻፈበትን ወረቀት ፍለጋ ተነሣ።

የካሴት ዘመን ቀጂዎችን ገድል የማያውቅ ይህን ደስታ አይረዳም። ባለ 90 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ የሚይዘው 45 ደቂቃ ነው። ዲላን ደግሞ በዘፈንና በዘፈን መካከል ወግ የሚጠርቅ ሰው አይደለም፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ይቀጥላል። ስለዚህ ቀጂው በጨለማ፣ ኮቱ ውስጥ፣ በጣቱ ጫፍ እየዳበሰ ካሴቱን ሲያወጣ፣ ሲገለብጥና መልሶ ሲከት ከዘፈኑ ወገብ ላይ አንድ ስንኝ ተቆርጦ ይቀራል። «ቀጭ» ይላል፤ ከዚያ ሌላ ቦታ ላይ ይቀጥላል። ወዳጄ እዚህ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ጋ ነው የገለበጠው» ይልና ጥቂት ዝም ይላል። የጠፋችው ስንኝ በስቱዲዮ አልበሙ ላይ ሙሉዋን አለች፤ ግን እዚያ ላይ ማን ገለበጣት?

በድፍረትማ የሚወዳደራቸው የለም። በ1970ዎቹ ሎስ አንጀለስ አካባቢ አንድ የታወቀ ቀጂ፣ እግሩ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ናካሚቺ የተባለውን ትልቅ የካሴት መቅጃ ይዞ ለመግባት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጓደኞቹ እየገፉት ሌድ ዘፔሊን የተባለው የሮክ ቡድን ኮንሰርት ውስጥ ይገባ ነበር። ሌላው ታዳሚ ደስ ሲለው ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ እሱ ብድግ ቢል ተአምር ተደርጎ ይወራለት ነበር። አልተነሣም። ለሙዚቃ ሲል እግሩን የሰጠ እሱ ብቻ ነው። ቅጂዎቹ ታዲያ፣ ሳልሸነግል ልናገር፣ ከዚያ ዘመን ከታዳሚ መሃል ከተቀዱት ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት ናቸው።

እንዲህ ያለውን ጀግንነት ያበላሸው ፈቃድ ነው። ግሬትፉል ዴድ የተባለው ቡድን በ1984 ለቀጂዎች ከድምፅ ማደባለቂያው ጀርባ የራሳቸውን ቦታ ለቀቀላቸው፤ ማይክሮፎናቸውን በዘንግ ላይ ተክለው በይፋ መቅዳት ጀመሩ። ፐርል ጃም የተባለው ሌላ ቡድን ባሰበት፤ የ2000 ጉዞውን 72 አልበም አድርጎ ራሱ አሳተመው፤ ጥርት ያለ፣ ንጹሕ፣ ሳል የሌለበት። ሳል የሌለበትን ማን ይሰበስበዋል? ዲላን ግን የቀጂን ክብር ያውቃል። በቅርብ ዓመታት ጉዞዎቹ የታዳሚውን ስልክ በሚቆለፍ ከረጢት እያስከረቸመ ያስገባል፤ በማግስቱ ቅጂው እንደ ወትሮው ይወጣል። ይህን ነው መከባበር የምለው።

ቅጂው ሲወጣ ደግሞ ከነዘር ሐረጉ ነው። የመጀመሪያው ካሴት «ማስተር» ይባላል፤ ከእሱ የተቀዳው አንደኛ ትውልድ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ እያለ ይወርዳል። በካሴት ዘመን እያንዳንዱ ትውልድ ላይ ሽሽታው እየጨመረ ስለሚሄድ ሰብሳቢው ሰባት ቤት ሳይቆጥር ቅጂ አይቀበልም። አሁን ከድምፁ ጋር የጽሑፍ ፋይል ይያያዛል፤ ለዘፋኙ አንድ መስመር፣ ለማይክሮፎኑ፣ ለገመዱ፣ ለመቅጃውና ለወንበሩ ቁጥር አሥራ ሁለት መስመር። ፋይሉ ፍላክ መሆን አለበት፤ ከድምፁ ቅንጣት የማይጥል ነውና። ወደ ኤምፒ ስሪ ለውጦ ያሰራጨ ይወገዛል። በልብስ ሥር የተቀዳ የገበርዲን ኮት ኮሽታ አንዲት ፍርፋሪ ሳትጎድልበት ለልጅ ልጅ መተላለፍ አለበት።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆቤን አነሣላቸዋለሁ፤ አይሸጡም። መሸጥ ነውር ነው። ድሮ ባዶ ካሴትና የመልስ ቴምብር ለላከላቸው ለማያውቁት ሰው ሌሊቱን ሲቀዱ አድረው በፖስታ ይልኩ ነበር። ቡትሌግ እያሉ እያሳተሙ የቸበቸቡት ሌሎች ናቸው፤ ስሙም መጠጥ በቡት ጫማ ቅልጥም ሸጉጠው ያሻግሩ ከነበሩት የመጣ ነው።

ጩኸታም ታዳሚን ለሚረግሙ ሁሉ አንድ የማስታውሳቸው አለኝ። ከዲላን ኮንሰርቶች ሁሉ በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀው ግንቦት 17 ቀን 1966 ማንችስተር ውስጥ ያደረገው ነው። ለዓመታት «ለንደን፣ ሮያል አልበርት አዳራሽ» የሚል የተሳሳተ ስም ይዞ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በ1998 በይፋ ሲታተም እንኳ ስሕተቱ በትእምርተ ጥቅስ ታቅፎ ሽፋኑ ላይ ቀረ። ዝነኛ ያደረገው ደግሞ አንድ የተናደደ ታዳሚ ነው፤ በተራ ጊታር ሲዘፍን የሚያውቀው ዲላን ኤሌክትሪክ ጊታር ማንሣቱ አልዋጥለት ብሎ «ይሁዳ!» ሲል ጮኸ። ዲላን «አላምንህም፤ ውሸታም ነህ» አለው። አጠገቡ ባርኔጣ የደፋ ሰው ኖሮ «እሽሽ» ቢለው ኖሮ ምን ይቀርልን ነበር? ደግነቱ የዚያን ምሽት የቀዳው ሸክላ አሳታሚው ራሱ ነበር፤ እነሱ ሰውን ዝም አያሰኙም።

ወዳጄ ባለፈው ጊዜ እሱም በተራው ሄደ። ድንበር ተሻግሮ፣ ወንበሩን ከወራት በፊት መርጦ፣ ማይክሮፎኖቹን መነጽሩ እጀታ ላይ ሰክቶ። ሲመለስ «እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ገና አልሰማሁትም» አለኝ።

በሳምንቱ ጠራኝና አሰማኝ። እውነቴን ነው፣ ድንቅ ነው፤ ፒያኖው ፊትህ የተቀመጠ ይመስላል። ሳል የለም፣ ወሬኛ የለም። እሱ ከልጅነቱ የሚወደው ዘፈን ላይ ስንደርስ ግን ከማይክሮፎኑ ሥር፣ በጣም ከቅርብ፣ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ማንጎራጎር ጀመረ። ዜማውን ይስታል፤ ቃሉን ግን አንድ አይስትም። ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አልኩት።

ወዳጄ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ላይ አነሣ። መልስ ሳይሰጠኝ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረና መጻፍ ጀመረ።

«የዚያን ሌሊት ሌላ የቀዳ ሰው መኖር አለበት» አለ።